ሶስና የሞተችብን ሰሞን

እኔ ድራማ የምጠላ ሴት አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የምለውን ሰምታችሁ «ይቺ ሴትዮ ቅናት ይዟት ነው» እንዳትሉኝ ነው። ታሪክ ሲነገር ከሰማሁ ወጥ ጥጄ የምረሳ፣ ገበያ የሄድኩበትን ትቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ የምመለስ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የኦሮምኛውን ቁቤም የአማርኛውን ፊደልም የለየሁት በልጄ ደብተር ነው፤ እሷ ጮክ ብላ ስታነብ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ከኋላ እከተላታለሁ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ፣ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን፣ ሳላነበው አልጥልም። ስለዚህ ንዴቴ የማያውቅ ሰው ንዴት አይደለም። ተቀምጬ፣ አስቤበት የተናደድኩት ንዴት ነው።

የተናደድኩት «ኅብረተሰቡን ለማስተማር» በሚሠሩት ድራማዎች ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፣ አውሮፕላን አብራሪ አለ፣ መሐንዲስ አለ። የሁሉም እጅ ላይ የሰው ነፍስ አለች። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ካልሆነማ ምን ይታያል? መጨረሻ ላይ ሰውየው ይያዝና ክራር ይመታል፣ እኛም ተማርን ይባላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይማር ይሆናል። እዚያ አንድ ክፉ ሐኪም በቴሌቪዥን ቢያይ፣ ከቤቱ ሲወጣ ስንት ደህና ሐኪም ታክሲ ሲጠብቅ ያገኛል። እኛ መቱ ያለን ሰዎች ግን፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ የምናውቀው ሰመመን ሰጪ አንድ ብቻ ነው። እሱም ልጄን ሊያገባ የመጣው ልጅ ነው።

ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ቤቴን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ፣ የልጄ የቢፍቱ አባት፣ ወፍጮ ቤት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጋር ሲጯጯህ የኖረ ጆሮ ስለሆነ ቴሌቪዥን ሲከፍት ጎረቤት የራሱን ያጠፋል። የኛ ይበቃዋል። እሱ ደግሞ ድራማ አያይም፤ ገብቶበት ይኖራል። ሕንጻ ስለሚደረመስበት መሐንዲስ የታየ ጊዜ፣ ፎቅ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበረው። ምሰሶውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ጆሮውን ለጥፎ (የትኛውን ጆሮ እንደሆነ እንጃ) «ውስጡ ባዶ ነው» ብሎ ጉዳዩን ሳይጨርስ ተመለሰ። እንቅልፍ ስለጣለው ሹፌር የታየ ጊዜ ደግሞ አብረን ወደ በደሌ እንሄድ ነበር። ከሚኒባሱ ሹፌር ኋላ ተቀመጠና ጀመረው።

«ወንድም፣ ትናንት እንቅልፍ ወስዶህ ነበር?»

«ወስዶኛል አባባ።»

«ከባለቤትህ ጋርስ ሰላም ናችሁ?»

«ሰላም ነን።»

«በደንብ አስበህ ንገረኝ። እዚያ ድራማ ላይም ሰላም ነን ብሎ ነበር።»

ሹፌሩ ያዮ ላይ አወረደን። በዝናብ። ዙሪያው ጫካ ነው፣ መጠለያ ያለው አንድ የማር ነጋዴ ብቻ ነበር፤ ባሌ ማሩን ቀምሶ «ስኳር አለበት፣ ይህንንም አይቼዋለሁ» ሲለው ከእሱም ጥላ ስር ወጣን። እኔ ምን አጠፋሁ? ከሹፌሩ ጋር እኮ ሰላም ነበርን።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ድራማ ሲታይ የራስ ምታት ኪኒኔን «ሐሰተኛ ነው» ብሎ አንድ ሳምንት ኪሱ ይዞ ሲዞር ችያለሁ። ከዚያ የሆስፒታሉ ድራማ መጣ።

ስሙን አልጠራውም፤ ማስታወቂያ አልሠራለትም። በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚታየው። እዚያ ውስጥ ሶስና የምትባል ልጅ አለች። ድሃ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ የታመመች እናት ትጦራለች፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ብትሆን ኖሮ በሕይወት ትተርፍ ነበር። ትርፍ አንጀቷን አሟት ሆስፒታል ገባች። እዚያ ኤርሚያስ የሚሉት ሰመመን ሰጪ አለ፤ አንገቱ ላይ የወርቅ ሰንሰለት፣ እጁ ላይ ስልክ። ልጅቷን አስተኛትና ስልኩን ሲነካካ፣ ሲስቅ፣ ለአንዷ ሲጽፍ፣ ሶስና ሳትነቃ ቀረች። ነጭ አንሶላ አለበሷት። እናቷ ወደቀች። ክራሩ ተመታ።

ባሌ አለቀሰ። ደህና አድርጎ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ሰኞ ወፍጮ ቤቱን ሳይከፍት ዋለ፣ ማክሰኞ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ወጣ። የእኔ አክስት ስትቀበር የወፍጮው ቀበቶ ተበጠሰ ብሎ የቀረ ሰው እኮ ነው!

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ነው።

ልጁ ገመቹ ይባላል፤ የዳሪሙ ወረዳ ገበሬ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው ከቢፍቱ በፊት ነው። የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ቀዶ ሕክምና ስገባ ያስተኛኝ እሱ ነው። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት ከራስጌዬ ተጎንብሶ የሚያየኝን ዓይኑን ነው። «እማማ፣ ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። «ልጅ አለዎት?» አለኝ። «አንዲት መምህርት ልጅ አለችኝ፣ ያላገባች» አልኩት። ያን ያህል ነቅቼ እንደነበር ሐኪሞቹም ገርሟቸዋል። ነርሶቹ በኋላ ሲነግሩኝ፣ ከተኛሁ ጀምሮ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ አያውቅም። ሥራው ይኸው ነው። ሌሎቹ ሲቀድዱ፣ ሲሰፉ፣ እሱ የተኛው ሰው መተንፈሱን ያያል። ቢፍቱ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ተዋወቁ። ቁስሌ ከዳነ በኋላም «እስቲ ቁስልሽን ላሳይልሽ» እያለች ስንት ጊዜ ይዛኝ ሄደች! ገብቶኝ ነበር። ዝም ብዬ ቁስሌን ሳሳይ ከረምኩ።

ስለዚህ ሽማግሌ እንደሚመጣ ሳውቅ ቤቴን አሳመርኩ። የገብሱን ጭኮ በደህና ቅቤ ለወስኩ፣ ብርዙን ከያዮ ባስመጣሁት ማር በጠበጥኩ። ሦስት ሆነው መጡ። ኦቦ ዲንሳ የገመቹ አጎት ናቸው፤ ከዳሪሙ ግማሹን መንገድ በእግራቸው ነው የመጡት፣ በአገሩ የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ትልቅ ሰው ናቸው። መምህር ተስፋዬ የልጁ አከራይ ነው። ሦስተኛው ሰውዬ ሥራው ማሳል ነበር፤ ንግግሩ ሲከብድ ያስላል፣ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

እንደ ደንቡ ተነስተው ቆሙና ኦቦ ዲንሳ ጀመሩ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።» ባሌም እንደ ደንቡ ጎርነን አለ፤ «ልጁ የማን ነው? ሥራውስ?»

«ሆስፒታል ነው» አለ መምህር ተስፋዬ።

«ሐኪም ነው?»

«ሰመመን ሰጪ ነው።»

እኔ ጭኮውን ይዤ በር ላይ ደርሼ ነበር። የባሌን ፊት አየሁት። ፊቱ ላይ ኤርሚያስ መጣ፣ ስልኩ መጣ፣ አንሶላው መጣ።

«አይሆንም» አለ።

ሦስተኛው ሰውዬ አሳለ። ኦቦ ዲንሳ ደግሞ ሽማግሌ ሲሄዱ እንቢታ ለምደዋል፤ የመጀመሪያው እንቢታ የክብር ነው። ፈገግ ብለው «ምክንያቱን ንገሩንና እናቃናው» አሉ።

እዚህ ላይ «ቴሌቪዥን አይቼ ነው» ማለት ነበረበት። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፣ እኔም ጭኮውን አቀርብ ነበር፣ ይህም ወግ አይጻፍም ነበር። የኔ ባል ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ጥቁር ኮቱን አስተካክሎ፣ እንዲህ አለ፤

«በመካከል የሴት ልጅ ደም አለ። ሰመመን ሰጪ የገደላት ልጅ አለች። ሐዘኗ ከቤቴ ገና አልወጣም።»

ኦቦ ዲንሳ ብርዙን አፋቸው አድርሰው ነበር። ሳይቀምሱ አስቀመጡት። መምህር ተስፋዬም አስቀመጠ። የሚያስለው ሰውዬ ሳል አቆመ። በእኛ አገር ደም ከተባለ ቀልድ የለም። በመካከሉ ደም ያለ ሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ የደም ዋጋው ጉማ ተከፍሎ፣ ካሳውም ዕርቁም እስኪያልቅ ድረስ፣ አንዱ የሌላውን ውሃ አይጠጣም። ኦቦ ዲንሳ ዱላቸውን አነሱ።

«ይቅርታ አድርጉልን» አሉ። «ሳናውቅ ነው እግራችንን ያስገባነው። ጉማ እንዳለ አልተነገረንም። ገዳዩ የማን ወገን ነው?»

«ኤርሚያስ ይባላል» አለ ባሌ።

«አባቱስ?»

«አባቱ ገና አልታየም።»

እውነቱን ነው። በድራማው ላይ አባትየው ገና አልታየም። ኦቦ ዲንሳ ግን «ሸሽቷል ማለት ነው» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭኮዬን ሳያዩ ወጡ። ሲወጡም «እሑድ ተዘጋጅተን እንመጣለን፤ ልጃችን ያደረገው ባይሆንም፣ በሙያው ሰው ላይ የመጣ ደም ከሆነ እኛ እናጥባለን» አሉ።

በሩ ሲዘጋ ጭኮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ አስቀመጥኩት ማለት ሳህኑ ተሰንጥቋል።

«ለምን ቴሌቪዥን ነው አላልክም?»

«ሴትዮ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ለቴሌቪዥን ሰው አልቅሼ ነው ልበል?»

«እኔን ያስተኛኝ እኮ ይኸው ልጅ ነው! ይኸው ነቅቼ እየጮህኩብህ ነው!»

«አንቺማ ዕድለኛ ነሽ» አለኝ። «ያን ዕለት ስልኩ ቻርጅ አልነበረው ይሆናል።»

አሁን የምነግራችሁን ልብ አድርጋችሁ ስሙኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ያቺ አዲስ አበባ ተቀምጣ ድራማውን የምትጽፈው ደራሲ አታስበውም። ወሬው ሐሙስ ገበያ ገባ። ዓርብ ማለዳ የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጎረቤቱን አስከትለው፣ ንፍሮ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ።

«እኛ ሰው አይደለንም ወይ?» አሉኝ ገና ሳይገቡ። «ሐዘን ደርሶባችሁ ለእድር አይነገርም?»

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም።»

«የባልሽ የእህት ልጅ ናት አሉ። አዲስ አበባ ያደገችው።»

«እህቱ ሴት ልጅ የላትም!»

«አሁንማ የላትም» አሉና አለቀሱ።

እኛ ዘንድ ሞት ይደበቃል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሰዓቱ እስኪመች፣ «ደህና ናት፣ ትንሽ አሟት ነው» ይባላል። ስለዚህ «ማንም አልሞተም» ያለ ሰው ሁሉ የደበቀ ነው የሚመስለው። በማልኩ ቁጥር ሴቶቹ እርስ በርስ እየተያዩ «ምስኪን፣ አላመነችም» ይላሉ። ወደ ጓዳ ሄጄ ባሌን ልጎትት ስል፣ እሱ እቴ! ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ አለ። የሴቶቹን ልቅሶ ሲሰማ ሶስና ትዝ ብላው ዓይኑ ቀልቷል። ከግድግዳው ስር ተቀመጠ። «እግዜር ያጥናህ» አሉት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉት፣ «ገና ልጅ ናት» አለ። «እናቷስ?» ሲሉት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ዓይኔ እያየ ለቅሶ ተቀበለ፣ ዓይኔ እያየ ንፍሮውን በላ። እኔም አለቀስኩ፤ በንዴት ነው፣ ግን እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይለየዋል? እትዬ አስካለ አቅፈውኝ «ይውጣልሽ» አሉኝ።

እስከዚህ ድረስ ሳቁ፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ። ዓርብ ማታ ቢፍቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ግን ሳቁ አበቃ። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ገመቹ ዝውውር ሊጠይቅ ነው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ሁሉ ያቺን ልጅ የገደልካት አንተ ነህ ወይ ይለዋል። ዛሬ አንዲት እናት ከቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ተመለሱ። በዚህ ልጅ እጅ አልተኛም ብለው፣ ልጆቻቸው አስነስተው በሕመማቸው ወደ ጅማ ወሰዷቸው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማንን አልገደልኩም ብዬ ነው የማስተባብለው አለኝ። እማዬ፣ እኔስ ምን ብዬ መልስ ልስጠው? አባቴ ድራማ አይቶ ነው ልበለው?»

እራት አልበላችም። ቅዳሜም አልበላችም። ባሌን በር ዘግቼ ለመንኩት። ሂድና ሰው መሀል ተናገር አልኩት። «አሁን ብናገር እድሩ ምን ይለኛል? ንፍሯቸውን በልቻለሁ» አለ። ወፍጮ ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ እጁን ይዞ ሲያጽናናው ውሏል፣ አንዳንዱም መልሱን ትቶለታል። ኩራት ይዞት ነበር። ከኩራቱ በታች ደግሞ፣ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ፈርቷል። ሴት ልጁን ወስዶ የሚያስተኛትና የማያነቃት ሰው ዓይኑ ላይ ተስሎ ቀርቷል። ይህን ፍርሃት የሣሉለት ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ቤታቸው ገብተዋል። ሰው አስጠነቀቅን ብለው ይሆናል። የኔ ልጅ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛቷን ማን ይነግራቸዋል?

እሑድ ቀትር ላይ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ኦቦ ዲንሳ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ መምህር ተስፋዬ ከጎናቸው፤ የሚያስለው ሰውዬ ለዕርቁ የሚታረድ በግ በገመድ ይዟል። በጉ ቆሞ ነገሩን ሁሉ የተረዳ ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ገመቹ ብቻውን ቆሟል። ደም አለ ስለተባለ ወደ ደጄ መጠጋት አልቻለም። ያስተኛኝና ያነቃኝ ልጅ፣ ሰላም ሊለኝ እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው።

ይህን ሳይ ቆረጥኩ።

«ኦቦ ዲንሳ» አልኩ፣ በኦሮምኛ፣ ባሌም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የሞተችው ልጅ ቴሌቪዥን ውስጥ ናት።»

«ምስሏ ነው?»

«ራሷ ናት። ድራማ ነው። የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የቢፍቱ አባት ያለቀሰው ለጨዋታ ነው።»

የሚያስለው ሰውዬ በድንጋጤ ገመዱን ለቀቀው፣ በጉ በቀጥታ ወደ ጎመኔ ሄደ። መምህር ተስፋዬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ባሌ ከኋላዬ «ሴትዮ!» አለ። እኔ ግን ኦቦ ዲንሳን ነበር የማየው። ያንን ሁሉ መንገድ ያስኬድናቸው፣ የደም ነገር ብለን ያስጨነቅናቸው ሰውዬ፣ አሁን ዱላቸውን አንስተው «ከእንዲህ ዓይነት ቤት አንጋባም» ቢሉ ምን እላለሁ? ልጄ በመስኮት ታያለች።

ኦቦ ዲንሳ ዱላቸውን አላነሱም። «ደም ተብሏል» አሉ። «በሽማግሌ ፊት ደም ከተባለ በኋላ፣ ሳያዩ ጨዋታ ነው ብሎ መመለስ የለም። አሳዩኝ።»

ሰዓቱም ደርሶ ነበር። ገቡ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ውሃም አልነኩም። ባሌ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ እየሰማሁ በኦሮምኛ እተረጉምላቸዋለሁ። ድራማ ሰው ሲሞትበት አይጠግበውም፤ ያለፈውን ሳምንት ያሳያል፣ ከዚያ እናትየው ስታስታውስ ያሳያል፣ ከዚያ ገዳዩ ሲቃዥ ያሳያል። ሶስና ተኛች፣ ኤርሚያስ ስልኩን አወጣ፣ አንሶላ አለበሷት። ባሌ አፍንጫውን ጠረገ።

ኦቦ ዲንሳ ወደ ፊት ተጎነበሱ። በሕይወታቸው የደም ጉዳይ ሲያዩ ሬሳውን ሳያዩ ቃል ሰጥተው አያውቁም። ለቅሶውን አልሰሙም፣ ኤርሚያስንም አላዩትም። ያዩት አንሶላውን ነው።

«ጅርቲ!» አሉ፤ «በሕይወት አለች!» ማለታቸው ነው።

«ምን?» አልኩ።

«በሕይወት አለች። ትተነፍሳለች። አንሶላውን እዪው።»

አየሁት። ወዲያው እናትየው አስታወሰችና መልሰው አሳዩን። እውነትም! ደረቷ ላይ አንሶላው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ያቺ ልጅ ደህና አድርጋ ትተነፍሳለች፤ እንዲያውም ትንሽ ሳል ያላት ይመስላል።

«ካሜራው ነው የተንቀሳቀሰው» አለ ባሌ።

«አልጋው አልተንቀሳቀሰም እኮ» አለ መምህር ተስፋዬ።

ባሌ መነጽሩን አደረገ። ተነሳና ቴሌቪዥኑ ጋ ሄዶ አፍንጫው እስኪነካ ተጠጋ። ኤርሚያስ ሲቃዥ ሶስና ለሦስተኛ ጊዜ ሞተች። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ሶስና ብቻ ተነፈሰች።

«ትተነፍሳለች» አለ ባሌ። ድምፁ የተከዳ ሰው ድምፅ ነበር። «ጥቁር ለብሼላት! ወፍጮ ዘግቼላት!»

«ንፍሮ በልተህላት» አልኩ እኔ። ይህን ሳልል ብቀር ታምሜ እተኛ ነበር።

ኦቦ ዲንሳ ተነሱ። ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ደም የለም» አሉ። «የሞተ የለም፣ የገደለም የለም። ገመቹን ጥሩት፣ ይግባ፤ በዚህ ቤት በር ላይ የሚያቆመው ነገር የለም። ንፍሮውን ያመጡት ሴቶችም ይነገራቸው፤ ለሆስፒታሉም ሰው የቢፍቱ አባት ራሱ ሄዶ ይንገር፣ በሰው መሀል፣ በቀን። ስም ያጠፋ አፍ ነው የሚያጠራው።» ባሌ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። ያን «እሺ» ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ!

ገመቹ ገባ። በሩ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ ያየው ባሌን ሳይሆን ቢፍቱ ያለችበትን ጓዳ ነው። ኦቦ ዲንሳ ይህን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው፣ «ሃዳ ቢፍቱ» አሉኝ፣ የቢፍቱ እናት ማለታቸው ነው፣ «አራት ቀን ሙሉ በዚህ ሳጥን ውስጥ ያለችው ልጅ ትተነፍሳለች ወይ ስንል ከረምን። የእናንተዋን ያየ ሰው አለ?»

የተናደድኩት በደራሲዎቹ ብቻ መሆኑ አሳፈረኝ።

ቢፍቱ ራሷ ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯን ግን አበጥራለች። በሽማግሌ ፊት ልጅቷ አትጠየቅም፤ ደንቡ ነው። ኦቦ ዲንሳ ደንቡን የሚያውቁት ከሁላችን በላይ ስለሆነ ሲተዉትም የሚፈሩት ሰው የለም።

«ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ቢፍቱ ገመቹን አየች። አባቷን አየች። የክፍል ተማሪ በምትቆጣበት ድምፅ፣

«ገመቹን አገባለሁ» አለች። «ዝውውርም ከሄደ አብሬው እሄዳለሁ፤ ካልሄደም እዚሁ መቱ ቤት ይዘን እንኖራለን። ቴሌቪዥኑን ግን ይዤው ነው የምወጣው። በራሴ ደመወዝ ነው የገዛሁት።»

የባሌ ሁለት ዓይኖች እንባ ሞሉ፣ ሲፈስም ጋቢው ላይ ጠብ አለ። «ልጄን» አለ። ኦቦ ዲንሳ ልባቸው ተነካ፤ የአባት ነገር ነው ብለው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁት። የሚያስለው ሰውዬም አብሮ አለቀሰ።

እኔ ግን ከዚህ ሰው ጋር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። ዓይኑ ቢፍቱን ሳይሆን ወዴት እንደሚያይ አይቻለሁ።